ፋቂ፦ ከስድብ እስከ ስክራብ



ዛሬ ከዶላሩና ከፖለቲካው ፈቀቅ ብለን ስለ ቆዳ እናውራ፤ ስለ ሰው ቆዳ። «ይህ ቻናል ደግሞ መቼ የውበት ሳሎን ሆነ?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ወረድ ሲል ንጉሥ አለ፣ ዐዋጅ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ፣ የሐኪሞች ምርመራም አለ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚሸጠውን አይታችኋል። ቡና በስኳር፣ ሎሚ በጨው፣ የሺፈራው ዱቄት በማር። በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይሞላና «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ስክራብ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ሺፈራው ካለበት የአርባ ምንጭ ስም አብሮ ይነሣል፤ ዛፉ የዚያ አገር ነውና። ገዢዋ (አሁን አሁን ገዢውም) ፊቷን ትፈገፍጋለች። ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል። «አይዞሽ፣ እየሠራ ነው» ትባላለች። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉንጯ ላይ ጥቁር ምልክት ይወጣል። ለሱም ሌላ ዕቃ አለ፤ ሻጮቹ አዘጋጅተው ይጠብቋታል።

የእኔ ነገር አጭር ነው። በአገራችን ቆዳን የማሸት ልማድ ዛሬ አልመጣም። የነበረውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሦስት ደረጃ ነበረው፦ ማራስ፣ ማሸት፣ መቀባት። ገበያው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥሎ መካከለኛውን ብቻ ቆርሶ ይሸጥልናል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እንያዝ። «ስክራብ» የመጣው አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። መፈግፈግ አለ፣ ማሸት አለ፣ መሞረድ አለ። ከሁሉም የሚሰፋው መፋቅ ነው። ጥርስ ይፋቃል፤ እንጨቱም ስሙን ከዚያው ወስዶ መፋቂያ ይባላል። እንሰት ይፋቃል። የከብት ቆዳ ይፋቃል። እዚህ ላይ ሲደርስ ቃሉ መልኩን ይለውጣል። ቆዳ የሚፍቀው ሰው «ፋቂ» ሲባል ሥራው እየተነገረለት አልነበረም፤ እየተሰደበ ነበር። ዛሬ ፊት ለሚፍቅ ዱቄት ብር እንከፍላለን፤ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው ግን ቤታችን አናስገባውም ነበር። ቋንቋ አንዳንዴ እንዲህ ያሳፍራል።

በጋሞ ደጋ ነገሩ ከስድብም ያለፈ ነበር። በባህሉ ማኅበረሰቡ ማላ፣ ማና እና ደጋላ ተብሎ ይከፈል ነበር። ማላ ባለ መሬቱና በጉባኤ ተናጋሪው ነው። ማና ሸክላ ሠሪው ነው። ደጋላ ቆዳ የሚፍቀውና ብረት የሚቀጠቅጠው ነው። በጋብቻ አይገናኙም፤ መሬት ላይም መብት የነበረው ማላ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የመሬቱን ነገር በሕግ ለወጠው። የጋብቻውን ነገር ግን የሚለውጥ ዐዋጅ አልተገኘለትም።

ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ዐዋጅ ነበር። ጋሞ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና እንደሚቀጣ ተነገረ። ለጋሞ ሰው ዐዋጁ ሁለት ጊዜ ይመለከተዋል። አንድ፣ ደጋላው አለ። ሁለት፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚሸምነው የዶርዜና የጋሞ ልጅም ከተሰዳቢዎቹ መካከል ነበር። ንጉሡ ማሽን የሚወዱ ሰው ነበሩና አገሪቱ ያለ ባለ እጅ የትም እንደማትደርስ ገብቷቸዋል። ዐዋጁ ምን ያህል እንደ ሠራ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስድቡን እኔም እናንተም ልጅ ሆነን ሰምተነዋል።

የሚገርመው፣ የተናቀው ሰው መሣሪያ የዓለም ተመራማሪዎችን ጋሞ ድረስ አስመጥቷል። በጋሞ ደጋ ቆዳ የሚፋቀው በድንጋይ ነው። ባልጩትና መሰል ድንጋይ ይፈለጣል፣ ጠርዙ ይሳላል፣ በእንጨት እጀታ ላይ ይሰካል፤ ቆዳው ተወጥሮ በዚያ ይፋቃል። ሌላው ዓለም በሙዚየም መስተዋት ውስጥ የሚያየው ሥራ እዚህ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ካትሪን ዊድማን አርተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ቅርስ ተመራማሪ በቦረዳ አካባቢ ከእነዚህ ባለሙያዎች ጋር ለዓመታት ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ድንጋይ መሣሪያዎቹና ስለ ባለቤቶቻቸው መጽሐፍ አሳትማለች። እግረ መንገዴን፣ እሷና ባለቤቷ ጆን አርተር ያሉበት ቡድን ነው እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ የ4,500 ዓመቱን አጽም ያወጣው። «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ፣ ታላቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዘር ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ ተነቦ ሲታተም ለጥንታዊ አፍሪካዊ የመጀመሪያው ነበር።

ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስተዋት ነው። በደንብ የተፈለጠ ጠርዙ ከምላጭ ይስላል። ተፈጥሯዊ መሆኑን ግን ማንም አይክድም! «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል በማሸጊያ ላይ ባየሁ ቁጥር ይህ ድንጋይ ትዝ ይለኛል። ተፈጥሯዊ ማለት ለስላሳ ማለት አይደለም። ደጋላው የሚፍቀው የሞተ ከብት ቆዳ ነው፤ ያንንም ቢሆን እንዳይበሳው እየተጠነቀቀ ነው። እኛ በሕይወት ያለ ጉንጭ ላይ ያልተወቀጠ ጨው ይዘን እንነሣለን።

አሁን ወደ ሦስቱ ደረጃዎች እንምጣ።

መፋቂያውን አስቡት። ማንም ሰው ደረቅ እንጨት ጥርሱ ላይ አይጭንም። ጫፉን ያኝከዋል፣ በምራቁ ያርሰዋል፣ ብሩሽ እስኪሆን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ይፍቃል። እንሰቱን አስቡት። የጋሞ ደጋ ሴት ውሃ ያዘለውን ግንድ ሳይደርቅ ገና እርጥብ ሳለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ በቀርከሃ ትፍቀዋለች፤ ቆጮ የሚሆነው ለብቻ፣ ቃጫው ለብቻ ይወጣል። ወሎና ራያ ያላችሁ ደግሞ ወይባውን አስቡት። ሴቲቱ ጋቢ ተከናንባ ጭሱ ላይ ትቀመጣለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ቆዳዋ ይለሰልሳል፤ መታሸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ቅባቱ ከዚያ። አዲስ አበባ ፍልውሃም ያው ነው፤ መጀመሪያ ሙቅ ውሃው ውስጥ ይዘፈዘፋል። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳባቸው ውሃ እንዲሁ ያለ ምክንያት ዝነኛ አልሆነም። ሕፃን ታጥቦ ሲወጣ እናቱ ገና ገላው እርጥብ ሳለ ቅቤ ወይም ቫዝሊን ትቀባዋለች። ቆዳ ሠራተኛውም ቢሆን የተፋቀ ቆዳ ቅባት ካልጠጣ እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ ያውቃል።

ሳይንሱ ይህንኑ በሌላ ቋንቋ ይናገራል። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ነው፤ ከሥር አዲስ ሲመጣ ከላይ ያለው ይረግፋል። ዑደቱ በጎልማሳ ሰው በግምት አንድ ወር ይፈጃል። ማለትም ቆዳ ራሱን ይፍቃል፤ እኛ የምናግዘው ትንሽ ነው። ያ የሞተ ሽፋን ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ውሃ እንዳይወጣ፣ ተህዋስ እንዳይገባ የሚጠብቅ ግድግዳ ነው። በውሃ ሲርስ ያበጠውና የላላው ብቻ በትንሽ ማሸት ይወጣል። ሳይርስ ስትፈገፍጉት ያልላላውንም ይዛችሁ ትነሣላችሁ። ከዚያ ቅባት ካልተከተለ ግድግዳው እንደ ተሸነቆረ ይቆያል። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የተቆጣ ቦታ ሁሉ ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል። ቅድም ያልኳት ሴት ጉንጯ ላይ የወጣው ያ ነው። የሕክምናው ሰው ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚላት «መፈግፈጉን ተዪ» ነው።

ታዲያ ከወጥ ቤት የሚገኘው የትኛው ይሻላል? ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ብዙ የሚጠየቁትን ላንሣ።

በጣም ለስላሳው አጃ ነው። በደቃቁ ተፈጭቶ ለብ ባለ ውሃ ሲበጠበጥ ከመፋቅ ይልቅ ማለስለሱ ያመዝናል፤ ለደረቅና ለሚያሳክክ ቆዳ በሕክምናም ይታዘዛል። ለፊት ከአጃ የበለጠ ነገር አልመክርም። እርጎና አሬራ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። በውስጣቸው ላክቲክ አሲድ አለ፤ ካርል ሼለ የተባለው የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት የለየው እሱ ነው። ዛሬ በውድ ጠርሙስ የሚሸጡት የፊት ውሃዎች ይህንኑ አሲድ ይዘዋል። እርጎ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ አሥር ደቂቃ ፊት ላይ ቢቆይና ቢታጠብ ሳይቧጥጥ ያላላል። ፍግፈጋ አያስፈልገውም፤ ደግነቱም እሱ ነው።

አርባ ምንጭ የፍራፍሬ አገር ነውና ፓፓያ ሳይነሣ አይታለፍም። ፓፔይን የሚባል፣ ፕሮቲን የሚፈታ ኢንዛይም አለው፤ ጠንካራ ሥጋ የሚያለሰልሱበትም ይኸው ነው። የበሰለው ፍሬ ለአብዛኛው ሰው አይከብድም። ጥሬው ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ግን ኃይለኛ ነውና ፊት አጠገብ አይምጣ፤ ዓይን ከነካ ቀልድ የለውም።

ቡና የገላ ነው። ያውም ከበረካ በኋላ የቀረው አተላ፤ ሦስት ጊዜ ፈልቶ ለስለስ ብሏልና። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና እኩል አይደቅም፣ ጠርዝ ያለው ቅንጣት ይቀርበታል፤ ክንድና ጭን ይችለዋል፣ ፊት አይችለውም። ስኳርም የገላ ነው፣ ግን አንድ መልካም ጠባይ አለው፦ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ብታበዙትም ራሱን ይቀንሳል። በማር ወይም በዘይት ለውሳችሁ እርጥብ ገላ ላይ በቀስታ። ጨው የሳሳ ቆዳ ያቃጥላል፣ ያደርቃል።

ሎሚን ተዉት። እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። አሲድነቱ ከቆዳችን ጋር አይቀራረብም። ከዚያም በላይ በሎሚና በመሰሎቹ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለ። ሎሚ ተቀብቶ በአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ ላይ መውጣት ውሃ የሚቋጥር ቁስልና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ግራዋንም ለጋን ተዉለት። ቅጠሉ ሸካራ ነው፤ እናቶቻችን ጋን የሚያጥቡበት ለዚያ ነው። ፊት ጋን አይደለም።

ሺፈራውስ? ጋሞዎች «ሃለኮ» የሚሉት ዛፍ በመጀመሪያ ምግብ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ የዘመዱ ዘር ደግሞ ተወቅጦ የደፈረሰ ውሃ ለማጥራት በሱዳንና በሌሎችም አገሮች ተሠርቶበታል። በደንብ የተነፋ የቅጠል ዱቄት በማር ተለውሶ ፊት ላይ ቢውል ጉዳት የለውም፤ ግንዱና ዘንጉ አብሮ ተፈጭቶ ከሆነ ግን ይቧጭራል። በሁለት ጣት መካከል አሹት፤ አሸዋ አሸዋ ካላችሁ ወጥ ውስጥ ጨምሩት። «ያነጣል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን ቆም በሉ። የትኛውም ቅጠል በሦስት ቀን አያነጣም። በሦስት ቀን የሚያነጣ ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መነካት የሌለበት የስቴሮይድ ቅባት ነው።

ፊት በሳምንት አንዴ ይበቃዋል፣ ገላ ሁለቴ። ቁስል፣ ብጉርና አዲስ የተላጨ ቦታ አይነካም። አዲስ ነገር ስትሞክሩ መጀመሪያ ክንዳችሁ ሥር ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ይህን የሚሸጥ ስለሌለ ማስታወቂያ የለውም።

«የአያቶቻችን ነው፣ አይጎዳም» ለሚሉ እንዶድን ላስታውሳቸው። እንዶድ ከሳሙና በፊት ልብሳችንን ያነጣ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ቀን ምልከታ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉበት። ልብስ ያነጣል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ለፊት ሲታሰብ ግን እዚህ ላይ ማቆም ይሻላል።

የፋብሪካውም ዕቃ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ከውጭ ይመጡ በነበሩ የፊት ሳሙናዎች ውስጥ የነበሩት ጥቃቅን ድቡልቡል ፍሬዎች ፕላስቲክ ነበሩ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በሕግ ከለከለቻቸው፤ ብሪታንያም ተከተለች። ለምን ቢባል ከመታጠቢያ ቤት ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ዓሣ ስለሚሄዱ ነው። ይህ ለአርባ ምንጭ ሰው ከሌላው ይብሳል። ኩልፎ ከተማውን አቋርጦ ጫሞ ይገባል። ጫሞና ዓባያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው፤ ውሃቸው ባሕር አይደርስም። የገባባቸው ነገር እዚያው ይቀራል። ዓሣውን ደግሞ የምንበላው እኛው ነን። እዚህ ላይ የቡናው አተላና ስኳሩ ፕላስቲኩን ይበልጡታል፤ ይህን ለተፈጥሮው ወገን አልነፍገውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጉንጭ ነው። በጋሞ ደጋ ግን የማራስ፣ የማሸትና የመቀባት ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚከብደው እግር ላይ ነው።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከተማዋ በ1950ዎቹ የጠቅላይ ግዛት መዲናነቱን ከጨንቻ ስትረከብ ሹማምንቱ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ወረዱ፤ ገበሬው ግን እላይ ቀረ። እላይ ያለው አፈር ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ቀይ ሸክላ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሥራ ላይ ሳለ ያጠናው ይህንን አፈር ነው። ሰዉ «ዝሆኔ» የሚለው የእግር ማበጥ በቆላ በትንኝ የሚመጣ ዓይነት አለው፤ ትንኟ በሌለችበት ደጋ ያለው ግን ከምን መጣ? ፕራይስ መልሱን እግር ሥር አገኘው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ የቀዩ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፣ ይዘጋል። በሽታውን ከግሪክኛ «እግር»ና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ አለው።

ስለዚህ ዝሆኔ እርግማን አይደለም፣ የዘር ቅጣትም አይደለም። በአንድ እርሻ ላይ ወንድም ታሞ እህት የምትድንበትን ምክንያት ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎረቤት ወላይታ በተገኘ ናሙና አሳዩ፤ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለቅንጣቱ የሚቆጣ ሰውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል ተብሎ ተገመተ። እንደ ደጋላው ሁሉ የዝሆኔ ታማሚም በሠርግ አይጠራም፣ ልጁ አይታጭለትም። የሚፍቀውም የተፋቀውም በአንድ ዓይን ታዩ ማለት ነው።

የታመመው እግር ቆዳ ይወፍራል፣ ይሸክራል፣ ሽበት የወረሰው ድንጋይ ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ አንዱ ስሙም «የሽበት እግር» ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ያየ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ መፋቅ ነው። በምላጭ የሚቆርጥ አለ፣ በድንጋይ የሚሞርድ አለ። ቆዳው ይደማል፣ ተህዋስ ይገባል፣ ትኩሳትና ሕመም ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ከዳነ በኋላ እግሩ ከበፊቱ ይብሳል።

የሚሠራው ሕክምና ምን ሆነ? እግሩ በሳሙና ይታጠባል። ሳፋ ውስጥ፣ የጤና ባለሙያ በሚያዝዘው መጠን ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ይዘፈዘፋል። በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በቀስታ ይደርቃል። ከዚያ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ማራስ፣ ማሸት፣ መቀባት! ከምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት የአንድ ዓመት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም፣ ይህን እንክብካቤ ወዲያው የጀመሩት ሰዎች ትኩሳት ያለበት ሕመም በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ በኋላ እንዲጀምሩ የተደረጉት ዘንድ 23.9 ነበር። ትንሽ ልዩነት ለሚመስለው፦ በዓመት ከአራት በላይ ሕመም ቀረ ማለት ነው፤ በእርሻ ወቅት አራት ሕመም ማለት ምን እንደሆነ ገበሬን ጠይቁ።

ከቅባቶቹ አንዱ በወላይታ የተለመደው ዊትፊልድ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኖረ እንግሊዛዊ የቆዳ ሐኪም ስም የሚጠራ ርካሽ ቅባት ሲሆን፣ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ አለበት። ፈንገሱን ይዋጋል፤ ሳሊሲሊክ አሲዱ ደግሞ የወፈረውን የሞተ ቆዳ ሳይቧጥጥ ያላላል። ይህን አሲድ ታውቁታላችሁ፤ ከዱባይ በሻንጣ የሚመጡት የብጉር ማጠቢያዎች ፊት ለፊት በትልቁ የሚጽፉት እሱኑ ነው። ስሙንም ያገኘው ከአሃያ ወገን ከሆኑ ዛፎች ነው፤ አሃያ በእኛም ወንዞች ዳር ይበቅላል። (ቅርፊት ልጣችሁ ፊታችሁ ላይ አትለጥፉ፤ ለዚህ አላነሣሁትም።) የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ተረከዛችሁን በድንጋይ ከመሞረዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ እግራችሁ ደንዝዞ ከሆነ መቁሰሉን ላታውቁት ትችላላችሁ። ጤነኛ ተረከዝ ላይ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥሩ ነው፤ እግሩ ሩብ ሰዓት ከተዘፈዘፈ በኋላ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በቀስታ።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ትኩረት የተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች የምርምርና የሥልጠና ማዕከል አለው፤ ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅትም ዝሆኔን እ.ኤ.አ. በ2011 ከእነዚህ በሽታዎች መዝገብ አስገብቷል። እውቀቱ ጎሏል ማለት አይቻልም። የጎደለው ሳፋው ውስጥ የሚገባው ነው። ስሟን ከአርባ ምንጮች የወሰደች ከተማ ውሃዋን ከተራራው ግርጌ ታገኛለች፤ እላይ ያለችው እናት ግን በየቀኑ ሁለት እግር የሚዘፈዘፍበትን ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ ትወጣለች። ጠጥተው፣ አብስለው፣ ከብት አጠጥተው ከተረፈ ነው ለእግር የሚደርሰው።

ከጨንቻ፣ ከቦንኬ፣ ከዲታ፣ ከገረሴ የምታነቡን አላችሁ። በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ይህ ቅባት ይገኛል? ስንት ይሸጣል? ውሃውስ ከቤታችሁ ስንት ሰዓት ይርቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እሱን ይዘን እንመለሳለን።